ጡሩምባው ሳይነፋ፦ ለጥላቻ ጥቃት እንደ ዕድር መዘጋጀት

ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑን ማን ይትከል፣ ንፍሮውን ማን ይቀቅል፣ ገንዘቡን ከባንክ ማን ያውጣ ብሎ የሚከራከር ዕድር የለም። ሁሉም ነገር ሰው ከመሞቱ በፊት ተደልድሎ አልቋል። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህን ሥርዓት ይዘው ሄደዋል፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ ካስፈለገ ማን ለማን እንደሚደውል ይታወቃል። ይኸው ማኅበረሰብ ግን አንዲት እናት መንገድ ላይ ሂጃቧን ሲነጥቋት፣ አንድ የታክሲ ሹፌር «ወደ አገርህ ሂድ» እየተባለ ሲደበደብ፣ የደብሩ ወይም የመስጊዱ በር ላይ የጥላቻ ምልክት ተስሎ ሲያድር ግራ ይጋባል። ቴሌግራሙ ይጨናነቃል፣ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት መግለጫ ያወጣል፣ በሳምንቱ ነገሩ ይበርዳል፣ የተመታው ሰው ብቻውን ይቀራል። ቁጣም ርኅራኄም ሞልቷል። የጎደለው ድልድል ነው። ለለቅሶ ያወቅንበትን ድልድል ለጥላቻ ጥቃትም አስቀድመን ካላበጀነው፣ ጥቃቱ በደረሰ ዕለት የምናደርገው ሁሉ ከዘገየ በኋላ የሚደረግ ይሆናል።

ዝግጅቱ ለምን ከትንሹ ነገር መጀመር እንዳለበት ሁለት ከተሞች ያስረዳሉ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በኅዳር 1988 በኦሪገን ስቴት ፖርትላንድ ከተማ ሙሉጌታ ሥራው የተባለ የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ የነጭ የበላይነትን በሚያቀነቅኑ ስኪንሄዶች በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ተገደለ። በዚያ ጊዜ በፖርትላንድ ፖሊስ ያገለግሉ የነበሩት ዌይን ኢንማን በኋላ በሞንታና ስቴት የቢሊንግስ ከተማ ፖሊስ አዛዥ ሆኑ፤ በቢሊንግስ የጥላቻ በራሪ ወረቀቶችና የግድግዳ ጽሑፎች መታየት ሲጀምሩ ለከተማው ሰው ያስጠነቀቁት ፖርትላንድን ምሳሌ አድርገው ነው። ጥቃቅኑ ነገር መልስ ሲያጣ ወዴት እንደሚያመራ አይተውታል። ቢሊንግስ በ1993 የሰጠችው መልስ ዛሬም ይጠቀሳል፤ ከታች እንመለስበታለን። የሟቹ ዜግነት የእኛ፣ ትምህርቱን የወሰደችው ከተማ ግን ሌላ መሆኗ ያስቆጫል።

፩. አምስት ሰው፣ አምስት ድርሻ

ጥቃት ከመድረሱ በፊት አምስት ሰዎችን ምረጡ፤ ለእያንዳንዳቸውም አንድ ተተኪ ይኑር። የመጀመሪያው ስልክ ተቀባይ ነው፤ ቁጥሩ በየቤቱና በየሥራ ቦታው በትንሽ ካርድ ተጽፎ ይቀመጣል። ሁለተኛው አጃቢ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚችልና ሌሊትም ቢሆን ከተጎጂው ጋር ሆስፒታልና ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ሰው። ለዚህ ቦታ ሴትም ወንድም ያስፈልጋል፤ የተደፈረች ወይም ልብሷ የተገፈፈ ሴት የደረሰባትን ለጎረምሳ አጃቢ እንድትነግረው መጠበቅ ሐቁን እንደ ማፈን ነው። ሦስተኛው መዝጋቢ፣ አራተኛው ቃል አቀባይ፣ አምስተኛው ገንዘብ ያዥ ነው። የተለመደው ስሕተት አምስቱንም ለሊቀ መንበሩ ወይም ለደብሩ አለቃ መጫን ነው። አንድ ሰው መግለጫ እየሰጠ ሆስፒታል አያድርም፣ ሆስፒታል ያደረ ሰውም በማግስቱ ለጋዜጠኛ በሰከነ አንደበት አይናገርም።

የእነዚህ ሰዎች ኮሚቴ በሰላሙ ጊዜ ሊሠራው የሚገባ አንድ ሥራ አለ፤ በአካባቢያችሁ ፖሊስ ጣቢያ የጥላቻ ወንጀልን የሚከታተለው መኮንን ማን እንደሆነ ማወቅና በአካል ሄዶ መተዋወቅ። አስተርጓሚ እንዴት እንደሚጠየቅም ያን ዕለት ጠይቁ። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም እንዲያገለግሉ ያስገድዳል፤ ሕጉ ቢኖርም «አስተርጓሚ ይቅረብልኝ» ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ የተጎጂው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ማስተርጎም ይጀምራል። ልጅን የወላጁን ውርደት እንዲተረጉም ማድረግ ለልጁም ለምርመራውም ጉዳት ነው።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ «እኛው በዘርና በፖለቲካ ተከፋፍለን፣ ደብሮቻችን እንኳ በሲኖዶስ ጉዳይ ተለያይተው፣ በምን አፋችን ስለ ሌላው ጥላቻ እናወራለን?» ተቃውሞው እውነት አለው፤ በአንድነት መፈክር ሊሸፈንም አይገባም። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ቀላሉ ነው፤ መንገድ ላይ በዱላ የሚመጣው ሰው ኦሮሞ ነህ አማራ፣ ትግሬ ነህ ጉራጌ፣ ኤርትራዊ ነህ ሶማሌ ብሎ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ኮሚቴው ከእነዚህ ሁሉ ማኅበራት ቢያንስ አንድ አንድ ተጠሪ ይፈልግ። መተዳደሪያው ላይም «ይህ ኮሚቴ በአገር ቤት ፖለቲካ አቋም አይወስድም» የሚል መስመር ይግባ። ሁለተኛው ክፍል ይከብዳል። አጥቂው ከራሳችን መካከል ቢሆንስ? አንድ የምግብ ቤት ባለቤት በብሔሩ የተነሣ መስተዋቱ ቢሰበር፣ አንዲት ልጅ ከሰልፍ ስትመለስ በያዘችው ባንዲራ ብትመታስ? ያን ጊዜ ዝም የሚል ኮሚቴ በነጮች ጥቃት ላይ ለሚናገረው ሁሉ ሰሚ አያገኝም። የአሜሪካ ሕግም ዘርንና የትውልድ አገርን ሲጠብቅ የአጥቂውን ዜግነት አይመርጥም። ስለዚህ «አጥቂው ማንም ይሁን ማን ደረጃዎቹ አንድ ናቸው» የሚለውን ቃል ጉዳዩ ሳይከሰት በፊት፣ ማንም በማንም ላይ ቂም ሳይዝ፣ በጽሑፍ አስፈርሙ። ከተከሰተ በኋላ ማንም አይፈርምላችሁም።

፪. የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

መጀመሪያ ሰው ይዳን፤ 911 ይደወል፣ ቁስሉ ቀላል ቢመስልም ሐኪም ይየው። ሐኪም የጻፈው ወረቀት ከሦስት ወር በኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከምስክር ሁሉ የጠነከረ ሊሆን ይችላል። ተጎጂው ለሐኪሙ «ወደቅሁ» ብሎ ከተናገረ ግን ያው ወረቀት በእርሱ ላይ ይቆማል። ይሉኝታ ብዙ ማስረጃ ያጠፋል፤ አጃቢው አብሮት መሆኑ የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

ቀጥሎ ማስረጃ ይጠበቅ። በራችን ላይ የተሳለውን አስጸያፊ ምልክት በቶሎ አጥቦ ማጥፋት የጤነኛ ሰው ስሜት ነው፤ ሆኖም ፖሊስ ሳያየው፣ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ ሳይነሣ፣ መጠኑን የሚያሳይ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አጠገቡ ተደርጎ ሳይቀረጽ አይነካ። የተቀደደ ልብስ አይታጠብ፤ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። የጎረቤትና የሱቅ ካሜራዎች ብዙዎቹ በጥቂት ቀን ውስጥ በአሮጌው ቀረጻ ላይ አዲስ ስለሚጽፉ፣ መዝጋቢው በዚያው ዕለት ባለቤቶቹን ጠይቆ እንዲያስቀምጡለት ያድርግ።

ከሁሉ በላይ ግን ቃሉ ይመዝገብ። ድብደባን የጥላቻ ወንጀል የሚያደርገው ምክንያቱ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው አጥቂው በተናገረው ነው። ስለዚህ መዝጋቢው «ሰደበኝ» ብሎ አይጻፍ። ምን አለ? በየትኛው ቋንቋ? ከመምታቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የልብሱ ጽሑፍ፣ የንቅሳቱ ቅርጽ፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ ቀኑ የበዓል ወይም የጁምዓ መሆኑ፣ ከዚህ በፊት በዚያው ቦታ የደረሰ ነገር ካለ እርሱም ይጻፍ። ስድቡ አፍ ላይ የሚከብድ ቢሆንም ቃል በቃል፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛ ይስፈር። ጨዋነት እዚህ ቦታ የለውም።

ድምፅ መቅዳት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ውስጥ የግል ንግግርን ሁሉም ወገን ሳይፈቅድ መቅዳት በራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ የአንዱ ተነጋጋሪ ፈቃድ ይበቃል። የአካባቢያችሁን ሕግ ጠበቃ ጠይቃችሁ በካርዱ ጀርባ ጻፉት። የተጠርጣሪን ፎቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ፣ ጎረምሶችን አሰባስቦ አጥቂውን ፍለጋ መውጣት፣ በስልክ መዛት የተከለከሉ ይሁኑ፤ የምስክርን ትዝታ ያበላሻሉ፣ ለተከሳሹ ጠበቃ መከራከሪያ ያቀብላሉ፣ ተበዳዩንም ተከሳሽ ሊያደርጉት ይችላሉ።

፫. ማመልከት

ኤፍ.ቢ.አይ. በ2023 ከየፖሊሱ ተሰብስቦ የደረሰው የጥላቻ ወንጀል ቁጥር 11,862 ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የስታቲስቲክስ ቢሮ ግን ሰዎችን በየቤታቸው እየጠየቀ ባደረገው ጥናት ከ2004 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በዓመት በአማካይ ወደ 250,000 የሚጠጋ የጥላቻ ጥቃት እንደሚደርስ ገምቷል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላዩ ለፖሊስ አልተነገረም። ሁለቱ አኃዞች በአሠራር ስለሚለያዩ አንዱን ከአንዱ መቀነስ አይቻልም። በመካከላቸው ያለው ገደል ግን ዝምታው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያሳያል። ያልተመዘገበ ጥቃት ለከተማው ምክር ቤት አልደረሰም፤ ምክር ቤቱም ላልደረሰ ነገር ጠባቂ አይመድብም፣ መብራት አይተክልም።

ሪፖርት ስታደርጉ ሦስት ነገር ሳትይዙ ከጣቢያው አትውጡ፤ የሪፖርቱን ቁጥር፣ የመኮንኑን ስምና የመለያ ቁጥር፣ እንዲሁም «በጥላቻ የተነሣ መሆኑ ሪፖርቱ ላይ ሰፍሯል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ። መኮንኑ ጉዳዩን ተራ ጠብ ብሎ ከመዘገበው በጽሑፍ እንዲታረም ጠይቁ፤ በ1800-225-5324 ለኤፍ.ቢ.አይ.ም ማመልከት ይቻላል። በ2009 የወጣው የፌዴራል የጥላቻ ወንጀል ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር የተነሣ የሚደርስ አካላዊ ጥቃትን ይመለከታል። ስድብ ብቻውን ግን፣ ዛቻ ካልታከለበት፣ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመናገር ነጻነት ሥር የሚጠበቅ ነው። ይህ ብዙ ሰው ያናድዳል። ቢሆንም ስድቡን ቀንና ሰዓት ይዛችሁ በራሳችሁ መዝገብ አስፍሩት፤ ያው ሰው በኋላ እጁን ሲያነሣ የቀደመው ስድብ ምክንያቱን ያስረዳል።

«ወረቀት የሌለው ሰው እንዴት ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ?» የሚለው ፍርሃት ተራ ሰበብ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው በእጁ ጠበቃ ሳይኖር እንዲያመለክት ማንም አይገፋፋው፤ ኮሚቴው አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወይም ነጻ የሕግ ድጋፍ ሰጪ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ፍርሃቱ የዘጋው በር መኖሩንም ንገሩት። ከባድ ድብደባን በመሰሉ በሕግ በተዘረዘሩ ወንጀሎች የተጎዳና ከመርማሪዎች ጋር የተባበረ ሰው ዩ ቪዛ የሚባለውን ማመልከት ይችላል፤ የሕግ አስከባሪው አካል መተባበሩን በፊርማ ማረጋገጥ አለበት። በዓመት ለዋና አመልካቾች የሚሰጠው 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው ዓመታት ይወስዳል፤ እንደ ፈጣን መፍትሔ አድርጋችሁ አትንገሩ። ኦሪገን ውስጥ ደግሞ ፖሊስ ሳያስፈልግ ለስቴቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የሚደወልበት የስልክ መስመር ከ2020 ጀምሮ ይሠራል። እናንተ ባላችሁበት ስቴት እንዲህ ያለ መስመር መኖሩን አጣሩ።

፬. ቤቱን መያዝ

ይህን ደረጃ እኛ እናውቀዋለን፤ ስለዚህ አላረዝምም። ምግብ ይግባ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይድረሱ፣ ሌሊት ብቻቸውን እንዳያድሩ ሰው ይመደብ። ለአሠሪው የሚጻፈውን ደብዳቤ መዝጋቢው ያዘጋጅ። በየስቴቱ ያለው የወንጀል ተጎጂዎች ካሣ ፕሮግራም ለሕክምና፣ ለቀረ ደመወዝ፣ ለምክር አገልግሎትና ለቀብር ወጪ ይረዳል፤ የማመልከቻ ቀነ ገደብ ስላለው በመጀመሪያው ሳምንት ፎርሙ ይሞላ። የሚከፍለውም ኢንሹራንስ ያልሸፈነውን ስለሆነ ደረሰኝ አይጣል። ገንዘብ የሚሰበሰበው በግለሰብ ስም ሳይሆን ሁለት ፈራሚ ባለው የማኅበር ሒሳብ ይሁን፤ በጎ ፈቃድ የጀመረውን ነገር የሒሳብ ሐሜት ሲያፈርሰው ታይቷል። ስሙና ፎቶው እንዲወጣ ወይም እንዳይወጣ የሚወስነው ደግሞ ተጎጂው ብቻ ነው፤ ሀዘኑን ዓላማ ማድረግ የፈለግነው እኛ ልንሆን እንችላለንና።

፭. ጎረቤቱን መጥራት

ቢሊንግስ ውስጥ የአንዲት ቀደምት አሜሪካዊት ቤት በስዋስቲካና በስድብ ሲበላሽ የቀለም ቀቢዎች ማኅበር አባላት መጥተው ቀቡላት። ስኪንሄዶች የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብተው ከኋላ እየተቀመጡ ምእመናኑን ሲያስፈራሩ፣ የሌሎች ቤተ እምነቶች ሰዎች ለጸሎት እየመጡ አብረው ተቀመጡ፤ አስፈራሪዎቹም መምጣት ተዉ። በታኅሣሥ 1993 የአይሁድ የሐኑካ በዓል መቅረዝ በሚታይበት የአንድ ሕፃን መኝታ ቤት መስኮት ድንጋይ ሲወረወር ደግሞ የከተማው ጋዜጣ የመቅረዝ ሥዕል በሙሉ ገጽ አትሞ አወጣ፤ ወደ 10,000 የሚሆኑ ቤቶች በመስኮታቸው ሰቀሉት። ልብ በሉ፤ ቀቢው ቀለም ቀባ፣ ምእመኑ ተቀመጠ፣ ጋዜጣው አተመ። እያንዳንዱ በያዘው ሙያ ነው የመጣው፤ ዕድር ማለትም ይኸው ነው። እናንተም ጎረቤት ስትጠሩ «አጋርነታችሁን አሳዩን» ብላችሁ አትጥሩ፤ የመስተዋት ሠሪውን መስተዋት፣ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ደብዳቤ፣ የጎረቤት ምኩራብና ቤተ ክርስቲያን ለጁምዓ በር ላይ የሚቆሙ ሰዎችን ጠይቁ። የተለየ ነገር የተጠየቀ ሰው እምቢ ለማለት ይቸግረዋል።

«ይህ ሁሉ ጩኸት ነገሩን ያብሰዋል» የሚሉ አሉ፤ በከፊል ልክ ናቸው። ቢሊንግስ ውስጥም መቅረዙ ከተሰቀለ በኋላ የቤተ ክርስቲያን መስታወት ተሰብሯል፣ ሥዕሉን በሰቀሉ ቤቶች ፊት የቆሙ መኪኖች ተጎድተዋል። ስለዚህ ሥጋቱን ሰውራችሁ ሰው አትጥሩ። ነገር ግን አንድ መስኮት ሲሆን አጥቂው ያንን ቤት ያውቀዋል፤ አሥር ሺህ ሲሆን ዒላማው ይጠፋበታል። መልሱ አደገኛ የሚሆነው በጥቂት ሰዎች ተጀምሮ በጥቂቶች ሲቀር ነው። ስለዚህም ሃያ ቤት ብቻ ካላችሁ ምልክት ከመስቀል በፊት መቶ ቤት እስክትሞሉ ዝም ብላችሁ አንኳኩ።

መግለጫውን አንድ ሰው፣ አንድ ገጽ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያውጣው፤ የሚታወቀውን፣ ያመለከታችሁበትን፣ ከማን ምን እንደምትፈልጉ ብቻ ይዘርዝር። ፍርድ ቤት ያላለውን አትበሉ። የምርጫ ተወዳዳሪ መድረኩን እንዲቆጣጠርም አትፍቀዱ። የጥላቻ ቡድን ራሱ ሰልፍ ከጠራ ፊት ለፊት አትግጠሙት፤ እርሱ የሚፈልገው ያንን ካሜራ ነው። የጀርመኗ ቩንዚደል ከተማ ነዋሪዎች በ2014 ኒዮ ናዚዎች በተራመዱት በእያንዳንዱ ሜትር አሥር ዩሮ እንዲዋጣ አድርገው 10,000 ዩሮ ሰዎችን ከጽንፈኛ ቡድኖች ለሚያወጣ ድርጅት ሰጡ። ሰልፈኞቹ ሳያውቁት በራሳቸው ላይ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ዋሉ። ለቀልድ አዋቂ ሕዝብ ከዚህ የሚቀርብ ዘዴ የለም።

፮. ካሜራው ከሄደ በኋላ

ብዙው ሥራ የሚፈርሰው እዚህ ነው። የወንጀል ክስ ወራት ይፈጃል፣ ቀጠሮ ይለዋወጣል፣ ምስክር ይሰለቻል። መዝጋቢው የቀጠሮ ቀን መቁጠሪያ ይያዝ፣ በየወሩም ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ላለው የተጎጂዎች ረዳት ይደውል። የወንጀል ክስ ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነም አትርሱ። በሙሉጌታ ግድያ አድራሾቹ ጥፋታቸውን አምነው ከታሰሩ በኋላ፣ ቤተሰቡን ወክለው የቆሙ ጠበቆች ከጀርባ ሆኖ ወጣቶቹን ለሁከት አነሣሥቷል ያሉትን የነጭ የበላይነት ድርጅትና መሪውን በፍትሐ ብሔር ከሰሱ፤ በጥቅምት 1990 ዳኞቹ የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። እንዲህ ያለ ክስ የሚቆመው በራሪ ወረቀት፣ የስልክ መልእክትና ደብዳቤ ላይ ነው፤ ስለዚህ መዝጋቢው ያኖረው ካርቶን የወንጀሉ ፍርድ ስለተሰጠ ብቻ አይጣል።

ችሎት ሲኖር ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ተራ አውጡ፤ በየቀጠሮው አሥር ሰው ይበቃል። ስልክ ጠፍቶ፣ ምስክርነት የሚሰጡት ዳኛው ካዘዘ ውጭ እየጠበቁ፣ ሌላው ዝም ብሎ ይቀመጥ። የሟች ወይም የተጎጂ ፎቶ ያለበት ቲሸርት አትልበሱ፤ የተከሳሹ ጠበቃ ዳኞቹ ላይ ጫና ተደረገ ብሎ ሊከራከርበት ይችላል። ነጠላም ሂጃብም የዘወትር ልብሳችሁ ነውና እርሱን ለብሳችሁ ግቡ።